በሶላር የሚሠራው የአውሬ ማባረሪያ ጣና ዳር ሲፈተን

መጀመሪያ ዋጋውን ልናገር፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ቀድመው የሚጠይቁኝ እሱን ነው። በሶላር የሚሠራው ማባረሪያ አንዱ 3,800 ብር ነው። መሬት ውስጥ ተተክሎ ፍልፈል ያባርራል የሚባለው ካስማ ደግሞ 1,500 ብር። ከመጀመሪያው ሁለት፣ ከሁለተኛው አራት ወሰድን። የገዛነው ባሕር ዳር፣ ከድስት እስከ ሶላር አምፖል ቀላቅሎ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ዕቃው ራሱም ስም የለውም። ካርቶኑ ላይ ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል፣ ወፍና እባብ ተደርድረው በሁሉም ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ጉማሬ የለም። ሻጩን ‹‹ጉማሬስ?›› ስለው፣ ‹‹እሱማ ዋናው ነው!›› አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

የምሠራው ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሳሩ፣ አበባው፣ ዛፉና የጓሮ አትክልቱ የእኔ ኃላፊነት ነው። ባለቤታችን ብዙ ዓመት ውጭ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ጎልፍ ይወዳሉ። ስለዚህ ከሐይቁ አጠገብ ያለውን ሜዳ አስደልድለው ሦስት ጉድጓድ ያለው መለማመጃ አሠሩ። ‹‹ጎልፍ ሜዳ›› ብለን ስንጠራው ራሳችንም እንስቃለን። ሳሩ ግን የእውነት የጎልፍ ሳር ነው። ፈረንጆቹ ቤርሙዳ የሚሉት ያው የኛው ሰርዶ ነው፤ አህያዋ ‹‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል›› ያለችለት። ልዩነቱ ይኼኛው ሰርዶ ተቀማጥሎ መያዙ ነው። በአጭሩ ይታጨዳል፣ በጋውን ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ አሸዋ ይነሰነስለታል።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሐይቅ ዳር አጭር፣ ለምለምና እርጥብ ሳር ከዘረጋችሁ የሚመጣው ጫማ ያደረገ እንግዳ ብቻ አይደለም። ቀን ጦጣና ጋጋኖ፣ ማለዳ ዝይ፣ ሌሊት ጃርትና ጉማሬ፣ ከመሬት በታች ደግሞ ፍልፈል። ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው፤ ፈረቃ የተከፋፈሉ ነው የሚመስሉት።

ይኼ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞና፣ ሴዶና በምትባል ከተማ ያለ የጎልፍ ሜዳ ጃቬሊና በሚባሉ ከርከሮ መሳይ እንስሳት ተቆፍሮ በበሬ የታረሰ መስሎ ነበር። ቪዲዮውን ያላየ የለም። እንስሳቱ የፈለጉት ሳሩን አልነበረም፤ ከሥሩ ያለውን ትል ነው። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ውስጥ ያለው የስኩኩዛ ሜዳ ደግሞ አጥር የለውም፤ ከርከሮው ከተጫዋቹ ጋር ይውላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የኡጋንዳውን የጂንጃ ክለብ ነው። እኛ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ነን፤ እነሱ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ በሚወጣበት። ኳስህ የጉማሬ ኮቴ ውስጥ ከገባ ያለ ቅጣት በእጅህ አንስተህ ማውጣት ትችላለህ የሚል ደንብ አላቸው። ባለቤታችን ይህን እንደሰሙ ሳንቃ ላይ አስጽፈው ሰቀሉት። እንግዳው እየሳቀ ፎቶ ይነሣበታል። ሌሊት አብሮን ቢያመሽ እንደዚያ አይስቅም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ማባረሪያው ከመዳፍ ተለቅ የሚል ጥቁር ሳጥን ነው። አናቱ ላይ ሶላር፣ ፊቱ ላይ የድምፅ ማውጫ፣ መሐሉ ላይ ነጭ የሴንሰር ዓይን፣ ዙሪያውን ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች አሉት። ከሥሩ መሬት ላይ የሚሰካ ሹል የፕላስቲክ እግር አለው። ጀርባው ላይ ሁለት መዘውሮች አሉ፤ አንዱ ሴንሰሩ ምን ያህል ንቁ እንደሚሆን ይወስናል፣ ሌላው የድምፁን ቅጥነት። ሐሳቡ ቀላል ነው። እንስሳ ከፊቱ ሲያልፍ ሴንሰሩ ይነቃል፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይለቀቃል፣ መብራቱ ይብለጨለጫል፣ እንስሳው ደንግጦ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም።

‹‹የሰው ጆሮ አይሰማውም›› የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። የድምፅ ቅጥነት በኪሎኸርዝ ይለካል፤ ወጣት ሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ቀጭኑን ድምፅ የመስማት አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። የዚህ ዕቃ ድምፅ መመሪያው እንደሚለው ከ13.5 ኪሎኸርዝ ይጀምራል። እኔ ፊቱ ቆሜ ምንም አልሰማሁም። የሌሊት ጥበቃችን አያ ይሁኔ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና፣ ‹‹ልጄ፣ ይኼ ነገር ሞቷል፤ መልሺላቸው›› አሉኝ። ቡና የምታፈላው ልጅ ግን ከበረንዳው ሆና ጮኸች። ‹‹ያን የሚያፏጭ ነገር አጥፉልኝ! ጭንቅላቴን ፈለጠኝ!›› ገና ሃያ አልሞላትም። ቅዳሜ ከወላጆቻቸው ጋር የመጡ ሕፃናትም ጆሯቸውን ይዘው ከሳሩ ላይ ተነሡ። እስካሁን ዕቃው ያለ ጥርጥር ያባረረው እንግዳ ነው።

ስለዚህ ሕፃናት ባሉበት ግቢ የድምፁን መዘውር ወደ ላይኛው ጫፍ መውሰድ የግድ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ድምፅ በቀጠነ ቁጥር አየር ላይ ቶሎ ይከስማል። ቅጠል፣ ቁጥቋጦ፣ ረዘም ያለ ሳር ሁሉ ይጋርደዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይገኝም። በዚህ ዓይነት ዕቃ የተሰላቸሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን መሰል ማባረሪያ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች ‹‹የምትናገሩለትን በሳይንስ ማረጋገጥ አለባችሁ›› የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ባሕር ዳር አልደረሰም መሰለኝ።

አሁን እንስሳቱን በየተራ ልውሰዳቸው።

ጦጣ ላይ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ አይሠራም። መጀመሪያ ማንጎው ላይ ሆነው አጠኑት። መብራቱ ሲበራ ያፈገፍጋሉ፣ ሲጠፋ ይጠጋሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ልጇን ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች እናት ከዛፉ ወረደች። በጎን በኩል መጣች። ሴንሰሩ የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ስለሆነ አልነቃም። እጇን አናቱ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች አጎንብሳ ፊቱን አየችው። በራ። ግልገሏ ጮኸች። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሲጠፋ መብራቱን በጥፍሯ ቧጠጠችው፣ አሸተተችው፣ ላሰችው። የሚበላ አለመሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ሶላሩ ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ፀጉር ትመረምር ጀመር። ሶላሩ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ለመቀመጫ የሚስማማ ሆኖ አግኝተውት መሰለኝ ከዚያ ወዲህ በወረፋ ነው።

ደግሞ ጦጣ የምትመጣው ሳሩን ብላ አይደለም። የቁርስ ትራፊ ብላ ነው። የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን በሽቦ እንዲቆለፍ ካደረግንና እንግዶች ከእጃቸው ሙዝ እንዳይሰጡ ከከለከልን በኋላ ነው ቁጥራቸው የቀነሰው። የቀሩትን የሚያስፈራቸው ሰው ነው፤ ያውም ወንጭፍ የያዘ ወንድ። እኔን አይፈሩኝም። ሱሪ ለብሼ፣ ኮፍያ ደፍቼም ሞክሬዋለሁ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ። የአገራችን ገበሬ በቆሎው ሲያሸት ማማ ሠርቶ ሰው የሚያስቀምጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ማማው ቻርጅ አይፈልግም።

ጃርቱ ላይ ግን ዕቃው መጀመሪያ ሰሞን ሠርቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጃርት የሚፈልገው ሥራሥር ነው። ከጎልፉ ሳር ጀርባ ያለውን የካና አበባ መደብ ገለባብጦ ሥሩን ይበላል፣ ከዚያ ወደ ስኳር ድንቹ ይሄዳል፣ በመሐል ሳሩን አቋርጦ ያልፋል፣ ሲያልፍም ደስ ያለው ቦታ ላይ ይጭራል። አንዱን ማባረሪያ የሚገባበት የአጥር ቀዳዳ ላይ ተከልኩት። በማግስቱ ጠዋት ዱካው ቀዳዳው ድረስ መጥቶ እዚያው ላይ ተመልሷል። ጭቃው ላይ የፊት እግሮቹ ጠለቅ ብለው ታትመዋል፣ ድንገት ቀጥ ማለቱ ያስታውቃል። አጥሩ ሥር ጥቁርና ነጭ የሆነ አንድ ወስፌ የሚያህል እሾሁ ወድቆ አገኘሁ። ዘወር ሲል ሽቦው ነቅሎበት ይሆናል። ለባለቤታችን ወስጄ አሳየኋቸው። ‹‹በሉ፣ ገንዘባችን አልጠፋም›› አሉ።

ብዙ አልቆየም። ክረምቱ ሲጋመስ ጃርቱ ለመደው። መብራቱ ይብለጨለጫል፣ እሱ ከመብራቱ ሥር ስኳር ድንች ይቆፍራል። አያ ይሁኔ ‹‹ድሮ በጨለማ ነበር የሚበላው፤ አሁን መብራት አስገባሽለት›› ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ የሚገርም አይደለም። እንስሳ የሚሸሸው ብርሃን ስለሚያመው አይደለም፤ ከብርሃኑ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል ስለማያውቅ ነው። ምንም እንደማይመጣ ካወቀ አበቃ። ኬንያ ውስጥ ሪቻርድ ቱሬሬ የሚባል የማሳይ ልጅ ናይሮቢ ፓርክ አጠገብ የአባቱን ከብቶች ከአንበሳ ለመጠበቅ የሠራውን መብራት ሰምታችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቴድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግግር መድረክ ላይ ቀርቦ ተናግሮለታል። እሱ ያስተዋለው ነገር አንበሳ የቆመ መብራት እንደሚለምድ፣ ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ግን እንደሚያስፈራው ነው። ስለዚህ ብዙ መብራቶች በተራ እየበሩ ሰው የሚንቀሳቀስ እንዲመስሉ አደረገ። የኛ ሳጥን ይህን አያደርግም። አንድ ቦታ ተተክሎ፣ በአንድ ዓይነት ምት ይበራል። እኛ ልናደርግ የምንችለው ቦታውን መቀያየር ብቻ ነው። ዛሬ ቀዳዳው ላይ፣ ከነገ ወዲያ ካናው ውስጥ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አንስቶ ማሳረፍ። እንዲህ ሳደርግ ጃርቱ እንደገና መጠራጠር ጀመረ። መመሪያው ላይ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም፤ ‹‹ተክለው ይርሱት›› ነው የሚለው።

አንድ ሌላ ነገር። ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀት ነው፤ በትክክል ለመናገር የእንስሳው ሙቀት ከአካባቢው ሲለይና ሲንቀሳቀስ ነው የሚነቃው። ሌሊት ላይ ደህና ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ቀትር ላይ ግን ባሕር ዳርን ታውቋታላችሁ፤ መሬቱም አየሩም ከእንስሳው ገላ ጋር ሊቀራረብ ምንም አይቀረውም። ያን ጊዜ ውሻ ከፊቱ ተኝቶ ቢንከባለል አያየውም። በተቃራኒው ደግሞ ነፋስ ሲነሣ ፀሐይ የመታው ቅጠል ይወዛወዝና በከንቱ ሲበራ ይውላል። ሌሊት እንኳ ቢሆን ይዘገያል። እንስሳው ሮጥ ካለ ካለፈ በኋላ ነው የሚበራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ክረምቱ ደግሞ የሶላሩ ፈተና ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ የምትታየው እንደ ብርቅ ነው። ማምሻውን ሞልቶ የጀመረ ባትሪ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ይሞታል፤ ጃርትና ጉማሬ ደግሞ የሚበረቱት ከዚያ በኋላ ነው። በዩኤስቢ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል፤ እኔም ቀን ቀን እያስገባሁ ቻርጅ አደርግ ነበር፤ ታዲያ ሶላር መሆኑ ምን ጠቀመኝ? የአንደኛው ውስጥ ውሃ ገባ። አራቱን ብሎን ፈትቼ ስከፍተው ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ ከጥጉ አልገባም፤ ፋብሪካው ላይ በደንብ ሳይቀመጥ ነው የተዘጋው። ውስጡ ላይ ጉንዳን ዕንቁላል ጥሏል። ደግነቱ ባትሪው እንደ ጣት ድቡልቡል የሆነው፣ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ሊቲየም ስለሆነ በቀላሉ ይቀየራል። ሌላውን ሁሉ ጥዬ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ እጨምርለታለሁ።

ወፎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። አብዛኛው ወፍ ከሰው ያነሰ እንጂ የበለጠ ቀጭን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው የወፍ ሥዕል ለጌጥ ነው። ቀን ደግሞ መብራቱን ማን ያየዋል። ጋጋኖዎቹ በማለዳ ግቢውን በጩኸት ሞልተው ይመጣሉ፣ ቆልማማ ምንቃራቸውን ሳሩ ውስጥ እየሰኩ የጢንዚዛ ዕጭ ይለቅማሉ። የሚሄዱት ሆዳቸው ሲጠግብ እንጂ ሳጥኑን ፈርተው አይደለም። ባለቤታችን በቀዳዳው ተበሳጭተው ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ነገርኳቸው። የሰለጠነ ጎልፍ ሜዳ ሳሩ እንዲተነፍስ ብሎ በማሽን፣ በገንዘብ ቀዳዳ ያስቀዳል። ጋጋኖ ይህንኑ በነፃ እየሠራ፣ በዚያ ላይ የሳሩን ሥር የሚበላውን ትል ይለቅምልናል። ያውም ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለም። የውጭ እንግዶች እሱን ለማየት መነጽር ይዘው ነው የሚመጡት። ተዉት አልኳቸው፤ ተዉት።

የዝይዎቹ ነገር ይለያል። ኩሳቸው ሳሩን ያበላሻል፣ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ኳሱም ይንከባለልበታል። ይህን ደግሞ ያመጣነው ራሳችን ግቢውን ስናሳምር ነው። ድሮ በሳሩና በውሃው መካከል ደንገል ነበር። ሐይቁ በደንብ ይታይ ተብሎ ታጨደ። ዝይ አጭር ሳርና ውሃ እንደ በረንዳና ደጃፍ ሲገናኙለት ነው የሚወደው፤ የሚያደባበትን ነገር ከሩቅ ማየት ይፈልጋል። ረጅም ደንገል ውስጥ ቀበሮ ይኑር ውሻ ይኑር አያውቅምና በእግሩ አያቋርጠውም። ሰሜን አሜሪካ ያሉ ጎልፍ ሜዳዎችም የካናዳ ዝይ ሲያስቸግራቸው ከሚያደርጉት አንዱ የኩሬውን ዳር ሳር ማስረዘም ነው። ሌላው በግ ጠባቂ ውሻ አሠልጥኖ ማሰማራት ነው። እኛም ውሻ አለን። ይተኛል። ስለዚህ ደንገሉ እንደገና እንዲበቅል ተውነው። ለፎቶ ብለን አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ከፍተንበታል። ለታንኳ ሠሪዎችም ማጨጃ ሆነ፤ በየተራ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያጭዱ ተስማምተናል።

ፍልፈሉና ካስማው። ካስማው በየግማሽ ደቂቃው ዝዝዝ እያለ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ፍልፈል በዚህ ተማርሮ ይሰደዳል ነው የሚባለው። አራቱንም በሁለተኛው የጎልፍ ጉድጓድ ዙሪያ ተከልናቸው። አንድ ጠዋት አዲስ የአፈር ክምር አየሁ፤ ከካስማው አንድ ስንዝር አይርቅም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ካስማው አጠገቡ ዝዝዝ ይላል። ሌላ ምስክር አልፈለግሁም። ነቅለን መጋዘን አስገባናቸው። 6,000 ብር!

ፍልፈሉን የያዘልን ከመንደሩ የመጣ ጎረምሳ ነው። የጎጃም ገበሬ የሚያውቀው መላ ነው። ፍልፈል ጉድጓዱ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባበት አይወድም፤ ሊደፍነው ይመጣል። ልጁ መተላለፊያውን ከፈተ፣ አፉ ላይ የገመድ ሸምቀቆ አደረገ፣ ገመዱን ከተለመጠ ጭራሮ ጋር አሰረው። ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ሲመጣ ጭራሮው ይፈናጠራል። የተከፈለው በፍልፈል ቁጥር ነው፤ የካስማዎቹን ሩብ ዋጋ አልደረሰም። መርዝ ይጨመር ያለ ሰው ነበር። እኔ አልፈቀድኩም። በመርዝ የሞተን ፍልፈል ጭልፊት ወይም የጎረቤት ውሻ ያነሣዋል፣ ግቢው ደግሞ ከሐይቁ ጋር የተያያዘ ነው።

ጉማሬውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሻጩ ‹‹ዋናው ነው›› ስላለ ነው። ትልቅ ጉማሬ ከአንድ ቶን ተኩል ያላነሰ ይመዝናል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሳር ይግጣል። በከንፈሩ ነው የሚያጭደው፤ ካለፈበት ኋላ ሳሩ በማሽን የታጨደ ይመስላል። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። የኔ ቅሬታ እግሩ ነው። ዝናብ በጠገበ ሳር ላይ ሲረግጥ ኮቴው ጭልፋ ሙሉ ውሃ ይይዛል፣ ጅራቱን እያማታ የሚበትነው እበት ደግሞ የጉድጓዱን ባንዲራ ሳይቀር ይቀባዋል።

ሁለተኛውን ማባረሪያ ከሐይቁ ወደ ሳሩ በሚወጣበት መንገድ ላይ ተከልነው። ጉማሬ መንገድ ያውቃል፤ ሁልጊዜ በዚያው ነው የሚወጣው። አያ ይሁኔ ከፎቁ በረንዳ ሆነው አዩ፣ እኔም ከጎናቸው ነበርኩ። መጣ። በራ። ጉማሬው ቆመ። ጆሮዎቹን አራገበ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ያንን የሚያህል ፊት ቁልጭ አድርጎ አሳየን፤ አገጩ ላይ ያሉት ጥቂት ፀጉሮችና አፍንጫው ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀሩ ታዩኝ። ከዚያ ቀና ብሎ በአጠገቡ አለፈ። መሸሽ የለ፣ መቆጣት የለ። ‹‹እንደ ባለሥልጣን ነው ያለፈው›› አሉ አያ ይሁኔ። እውነቱን ለመናገር ባለመቆጣቱ ነው ደስ ያለኝ። የደነገጠ ጉማሬ ወደ ውሃው ነው የሚሮጠው። በእሱና በውሃው መካከል ሰው ካለ አያድርስ ነው። ይኼን ዕቃ ለጉማሬ ብሎ መሸጥ ከማጭበርበርም ያለፈ አደጋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ያስቆመው ድንጋይ ነው። የጉማሬ ሆድ ለመሬት የቀረበ ነው፣ እግሩ አጭር ነው፣ መዝለል አይችልም። በየሜዳው የሞላውን ጥቁር ድንጋይ አስለቅመን ከጉልበት ከፍ የሚል ካብ በሳሩ ጠርዝ አስካብን። ከደንገሉ በስተ ግራ ያለውን መሬት ግን ክፍት አድርገን ተውንለት። እዚያ ሳሩ አይታጨድም፣ ኳስም አይጫወትበትም። መጥቶ ካቡን አሸተተ፣ ትንሽ ተከተለው፣ ወደ ተውንለት ቦታ ታጠፈ። አሁን እዚያ ነው የሚበላው። ሌሎች አገሮች ጉልበት የሚደርስ አንድ ሽቦ በኤሌክትሪክ ይዘረጋሉ፤ መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር ካብ ይሻላል። ‹‹ለምን አትገድሉትም?›› የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በሕግ ያስቀጣል፤ የጣና ዙሪያም በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። ደግሞስ ሐይቁ የማን ሆነና።

ዋስትናውን ሳልናገር እንዳላልፍ። ውሃ የገባበትን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የስድስት ወር ዋስትና ተብሎ ደረሰኙ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎልኝ ነበር። ሻጩ ገለባበጠውና ‹‹ውሃ ነክቶታል፤ ውሃ የነካ አይመለስም›› አለኝ። ደጅ የሚተከል ዕቃ ውሃ ሳይነካው እንዴት ይከርማል ብዬ ብሟገት አልሰማኝም። ሌላ ደንበኛ አናገረ። ከገዛችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ጎማውን እዩ፣ የመስኮት ሲሊኮን ዙሪያውን ቀቡት፣ ‹‹ውሃ ቢነካውም›› የሚለውን ቃል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ካስማውን ግን አትግዙ።

ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ለትንሽ ጥግ ነው የሚሆነው። ሌሊት ለሚመጣ፣ ለፈሪ፣ ለብቻው ለሚዞር እንስሳ። ያውም በየጊዜው ቦታውን የሚቀይርለት ሰው ካለ። ወጥ ቤት የምትሠራው እታለም ውሃ ያልገባበትን ተውሳ ቤቷ ወሰደችው። ሸለምጥማጥ ዶሮዎቿን እየፈጀባት ነበር። አንድ ቀን ቆጡ በር ላይ፣ አንድ ቀን ጣራው ላይ፣ አንድ ቀን እንጨት ክምሩ ውስጥ ታደርገዋለች። እስካሁን ዶሮ አልጎደለባትም። ሰሞኑን መጥታ የተበላሸውንም ትሸጡልኝ እንደሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ጎማውን አስተካክዬ፣ ጉንዳኑን ጠርጌ በነፃ ሰጠኋት። ባትሪው የራሷ ወጪ ነው።